ሲዘንብ የሚጮኸው ክላክስ

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ሁዜ፣ ዛሬም ባትሪዎችህን አስሞላሁልህ። ሁለቱንም። ጭድ ተራ ካሉት ኩሊዎች ጋሪ ለምኜ እየገፋሁ ሶማሌ ተራ እስክደርስ ወገቤ ተቆረጠ። አንተ አንዱን ብቻህን ተሸክመህ የምትወጣው እንዴት ነበር? እኔ አሁንም አልቻልኩም።

ቻርጅ ቤቱ ያለው ሰውዬ ስላንተ ጠየቀኝ። ያ ረጅሙ፣ ባለወርቅ ጥርሱ። ረመዳንን አገር ቤት፣ ቡታጅራ ከርሞ ገና መመለሱ ነው።

«የሁዛይፋ ወንድም አይደለህ? ያ ሰውዬ ጠፋ እኮ! መኪናዋን አቅፎ ነው የሚውለው?»

«አለ» አልኩት።

«ሰላም በልልኝ።»

«እሺ።»

ይኸው፣ ሰላም ብሎሃል።

ባትሪዎቹን መልሼ ካሰርኩ በኋላ ጋቢና ገብቼ ቁጭ አልኩ። ቱታህ እዚያው ተሰቅሏል። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ወንበሩ አንተ በተቀመጥክበት ልክ ጎድጉዷል፤ እኔ ስቀመጥበት ይሰፋኛል። የፊዚክስ የቤት ሥራዬን እዚያው ሠራሁ።

እማ ስለ ባትሪው አታውቅም። ምን እላታለሁ? የሞተ ሰው መኪና ባትሪ አስሞላለሁ ልበላት?

ጻፍኩት። እስከ ዛሬ «የሞተ» ብዬ ጽፌ አላውቅም ነበር።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

ማታ ዘነበ። ጠራኸኝ።

መግሪብ ሰግደን ገና ሳንነሳ ነው። መጀመሪያ አንድ አጭር... ከዚያ ሌላ አጭር። ልክ እንዳንተ፤ ከመንገድ ስትመጣ የግቢውን በር ለማስከፈት እንደምታደርጋት። ከዚያ ግን ረጅም ሆነ። በዝናቡ መሐል ይንቀጠቀጣል፣ ሊያለቅስ እንዳለ ሰው። ከዚያ ጸጥ አለ።

ሮጬ ወጣሁ። የመኪኖቹ ግቢ ከቤታችን አጥር ጀርባ ስለሆነ ወዲያው ነው የምደርሰው። አሮጌዎቹ መኪኖች በየቦታቸው ቆመዋል። ያንተ ኤንትሬ፣ አሮጌዋ የጭነት መኪና፣ ጥግ ላይ። ጋቢናዋ ባዶ። መሪው ላይ ማንም የለም።

ዘበኛው ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ከመጠለያቸው ብቅ ብለው ያማትባሉ።

«አየህ? ሰው የለም! በስመ አብ!»

«ዝናብ ነው ጋሼ።»

«ዝናብ ክላክስ ይጫናል? ስማ፣ ወይ እናንተ ሼህ ጥሩ፣ ወይ እኔ ጠበል ላምጣ። የቀደመ ይቅደም።»

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ።

ውሃ የሆነ ሽቦ እየነካ እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ያህል ተምሬያለሁ። ግን ሁለቱን አጭር... ውሃን ማን አስተማረው?

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ፀሐይ ዋለ። ምንም የለም። ባትሪዎቹን ግን አስሞላሁ። ሰውዬው «ሥጋ እጋብዝሃለሁ ብሎኝ ነበር፣ ረሳኸው እንዴ? በለው» አለኝ።

ረሳኸው እንዴ?

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ዛሬም ጠራህ። እኔ ግን አልሮጥኩም። እማን አየኋት።

ምስር እየለቀመች ነበር። ክላክሱን ስትሰማ ሰፌዱን አስቀመጠችና ተነሳች። ጓዳ ገብታ ቡታጋዙን ለኮሰች፣ ወጡን አሞቀች፣ ሰሐን አወጣች። ያንተን ሰሐን፣ ጠርዙ የተሸረፈውን። እንጀራ ዘርግታ ወጡን ልትጨልፍበት ስትል እጇ ቆመ።

«እማ...»

«ልማድ ነው» አለች።

ሰሐኑን ከደነችው። አልመለሰችውም።

እውነቱን ልንገርህ? ደስ አለኝ። እሷም ሰማች! እኔ ብቻ አይደለሁም። ሦስታችንም ቤት ውስጥ ያለን መሰለኝ።

እማ ከተኛች በኋላ እራትህን በላሁልህ። ቀዝቅዞ ነበር።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ግቢው ውስጥ መኪና የሚያቆሙት ጋሽ ደምመላሽና ሚኪ ቤት መጡ። የፊታችን እሑድ ቅያሪ ነው።

አንተ ባትነግረኝ ኖሮ ስለ ቅያሪ ምን አውቅ ነበር? ግቢው ውስጥ አሮጌ መኪና ያላቸው ሁሉ ቀን ቆርጠው ይሰበሰባሉ። ጭነት የሚጭን የለም፤ ፍቅር ነው እንጂ ሥራ አይደለም። ግን ማንም የራሱን መኪና አይነካም። እያንዳንዱ ከመኪናው አንድ ቡሎን ፈትቶ ጣሳ ውስጥ ይጥላል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣል። የማን ቡሎን እንደደረሰው ያን ሰው መኪና ሲሠራ ይውላል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅህ፣ ሰው የራሱን መኪና ድምፅ ስለሚለምደው ሕመሟን አይሰማም አልከኝ።

እማ ሻይ አቀረበች። ጋሽ ደምመላሽ ብርጭቆውን በመዳፋቸው ያዞራሉ። የሚኪ እግር መሬቱን ይመታል።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ፣ «የሁዛይፋ ቡሎን ጣሳው ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ? ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

ሚኪ ወደኔ ዞረ። «ትንሹ ያስገባው እንጂ! የኔን ቤድፎርድ ቢያወጣ ደግሞ አዘንኩለት። ዘይቷን የምታፈሰው ሆን ብላ ነው፣ ፀጉር ላይ።»

እማ ሳቀች። ከረመዳን ወዲህ ስትስቅ መጀመሪያዋ ነው። አንተ «ራሴን አመመኝ» ብለህ ተኝተህ ለአፍጥር ሳትነሳ ከቀረህበት ቀን ወዲህ ማለቴ ነው። ሳምንት እንኳ አልታመምክም።

«ይግባ» አለች።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። መኪናህን ሊከፍቱ ነው። ገና እጃቸውን ሲሰዱ ሽቦውን ያገኙታል። ያስተካክሉታል። ከዚያ ሲዘንብ... ምንም።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ



ከትምህርት ቤት ስወጣ ዝናቡ ጀመረ። ገና ከአስፋልቱ ሳልታጠፍ ሰማሁህ። ረጅም ነበር። አላቆምክም። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። «ኧረ ይሄን ነገር ዝም አሰኙልን!» የሚል ድምፅ ከሱቆቹ በኩል መጣ።

ግቢው በር ላይ ስደርስ እማ እዚያ ናት። ባዶ እግሯን። ሻሿ ርሶ ፊቷ ላይ ተለጥፏል። ከባዱን በር ብቻዋን ልትገፋው ትታገላለች። ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ካፖርታቸውን ሊያለብሷት ይሞክራሉ፣ እሷ ትገፋቸዋለች።

«እትዬ፣ እባክዎን ይግቡ... ማንም የለም እኮ።»

«እየጠራ እኮ ነው! በሩን ማን ይክፈትለት?»

ልማድ አይደለም ሁዜ። ልማድ ያለችኝ እኔን ላለማስደንገጥ ነው። እሷ የምር ትጠብቅሃለች።

ይዘናት ገባን። ትኩሳት ይዟታል፣ ስትስል አመሸች። እግሯን ሳጥብላት ጣቷ ደምቶ አየሁ፤ ድንጋይ መቷት ይሆናል። «መጣ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? አንተ ብትሆን ምን ትላት ነበር?

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ባትሪዎቹን ዛሬ አላስሞላም ብዬ ነበር። አስሞላሁ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ቅያሪ ነበር።

ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ስድስት መኪና ኮፈናቸው ተከፍቶ፣ ሰውዬዎቹ ሁሉ ቱታ ለብሰው። ያንተን ቱታ ልልበስ ብዬ አወረድኩት፣ መልሼ ሰቀልኩት። ጋሽ ደምመላሽ ከምን አለሽ ተራ ያመጡትን ትልቅ ጣሳ አዞሩ። ያንተን ቡሎን የፈታሁት ከኋላው መከላከያ ነው፤ እጄ ውስጥ እስኪሞቅ ድረስ ያዝኩት፣ ከዚያ ጣልኩት። ቋ አለ።

እኔ ያወጣሁት የሚኪን ሆነ።

«አላልኩም!» ሚኪ ጮኸ። «ትንሹ፣ ዛሬ ፀጉርህን በነፃ ትቀባለህ!»

የኛን ያወጡት ጋሽ ደምመላሽ ናቸው። ቡሎኑን ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ኪሳቸው ከተቱት።

ቤድፎርዷ ሥር ተኝቼ ዋልኩ። እውነትም ዘይቷን ፀጉሬ ላይ አፈሰሰች። ጆሮዬ ግን እዚያ ማዶ ነበር። የጋቢናው በር ሲከፈት ሰማሁ። ያ የሚያንቋርረው በርህ። ካቻቪቴ መሬት ሲወድቅ ሰማሁ። አሁን አገኙት... አሁን ፈቱት... እያልኩ አንዱን ቡሎን ሦስቴ አጠበቅሁት። ሚኪ ጎንበስ ብሎ አየኝና «አይዞህ፣ ጋሽ ደሜ የሰው ዕቃ አይሰብሩም» አለኝ። አልቀለደም።

ወደ ማታ ጋሽ ደምመላሽ ጠሩኝ።

«ና፣ ውጣ እዚህ።»

ጋቢና ገባሁ። ከመሪው ሥር ያለው ክዳን ተነስቷል። በመብራት አሳዩኝ። ሽቦው ልጡ ተልጦ፣ በቀይ ፌስታል ቁራጭ ተጠቅልሏል። ከላይ የመስታወቱ ጎማ ተሰንጥቆ ነበር፤ ውሃው በዚያ እየገባ በቀጥታ እዚያ ላይ ነው የሚንጠባጠበው።

«የወንድምህ እጅ ናት» አሉ። «የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ አልቆበት መሆን አለበት። ነገ እመለስበታለሁ ብሎ...»

ቋጠሮውን አየሁት። ጫማህን የምታስርበት ቋጠሮ ነው። ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ የሚገባው።

«መኪና ይህን ያህል ጊዜ ቆማ ባትሪዋ ካልተሞላ ክላክሷ አይጮህም» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። «ማነው የሚያስሞላው?»

የወደቀውን ካቻቪቴ አንስቼ ጠረግሁት።

«አልቆጣህም።»

«እኔ ነኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናትህን በሩ ላይ እንዳገኛት ዘመንፈስቅዱስ ነገረኝ» አሉ።

«ይቁረጡት ጋሼ። እኔ ልውጣና ይቁረጡት።»

«አልቆርጠውም። ዘይቱን ቀይሬያለሁ፣ ፍሬኗን አይቻለሁ፣ የመስታወቱንም ጎማ ነገ ሚኪ ያመጣል። ይቺን ግን አልነካም።»

«ዛሬ እኮ የራስን መኪና መንካት አይቻልም። ደንብ ነው።»

«ደንቡ ለመኪና ነው» አሉ። «ይቺ መኪና አይደለችም።»

ኪሳቸውን ዳብሰው ቡሎኑን ሰጡኝ፣ አንድ ጥቅል ናስትሮም ጨመሩልኝ። ከዚያ ወረዱ። በሩን ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ናስትሮው ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሚኪ ጎማውን አላመጣም፤ የፊታችን ሳምንት ነው አለ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ግን አልዘነበም። ቆይ። ነገ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ግቢው ሄድኩ። ደመናው እስከ ጣሪያው ወርዷል። ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ሰማዩን እያዩ፣ «ዛሬ ሊጮህብን ነው» አሉ። እግራቸው ሥር የጠበል ጀሪካን አለ። ቀድመውናል።

የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ። አንተ ነህ ያስተማርከኝ፤ መጀመሪያ ባትሪውን። ክዳኑን አነሳሁ። ፌስታሉን መቁረጥ አልፈለግሁም፣ ቋጠሮውን በጥፍሬ ፈታሁት። ብዙ ፈጀብኝ። አጥብቀህ ነው ያሰርከው... ምን አስቸኮለህ ያን ቀን?

ሽቦውን አደረቅሁ። በናስትሮ ጠቀለልኩት፣ ከውሃው መንገድ አርቄ አሰርኩት። በራሴ ቋጠሮ። ባትሪውን መልሼ ካሰርኩ በኋላ አውራ ጣቴን ክላክሱ ላይ አሳረፍኩ። ሠርቶ እንደሆነ መሞከር ነበረብኝ።

አልተጫንኩትም። ቤት እማ አለች።

ሁዜ፣ ከዚህ በኋላ ሲዘንብ አትጠራኝም። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ውሃ ነበርክ ወይስ አንተ ነበርክ... አላውቅም። አንተ ከነበርክ ግን፣ እማ ባዶ እግሯን ወጣች እኮ። አንተም ብታያት ዝም ትል ነበር። አይደል?

ደህና እደር።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ቆርቆሮው ላይ እስከ ሱብሂ አላቆመም። እኔ ሰማሁት። ሌላ ግን ምንም አልነበረም። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም፤ ዝናቡ ራሱ ባዶ ነበር።

እማ ተኝታለች። አላሳላትም። አንዴ ተነስቼ ትንፋሿን አዳመጥኩ።

ጠዋት በሩን ከፍታ ደጁን አየች።

«ዘንቦ ነበር እንዴ?»

«አዎ።»

«አልሰማሁም» አለች። እንደገና፣ ለራሷ፣ «አልሰማሁም።» ከዚያ ቁርስ አቀረበች። ሁለት ሰሐን። የተሸረፈው ሰሐን መደርደሪያው ላይ ነበር፤ እሷም አየችው፣ እኔም አየሁት። አብረን በላን። ትኩስ ነበር።

ስወጣ በግቢው በኩል አላለፍኩም። በሶማሌ ተራ ዞርኩ። ቻርጅ ቤቱ ገና መከፈቱ ነው፣ ሰውዬው ደጃፉን ይጠርጋል። ባዶ እጄን ሲያየኝ ሳቀ።

«ዛሬስ ባትሪው የታለ? ሁዛይፋ ተሻለው እንዴ ከመኪናዋ ፍቅር?»

ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድኩ።

«ሁዛይፋ ሞቷል» አልኩት። «በረመዳን። ራሱን አሞት ነበር።»

መጥረጊያውን እንደያዘ ቀረ። ዱዓውን በከንፈሩ ብቻ አደረገ። ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ከውስጥ በርጩማ አወጣልኝ። ተቀመጥኩ። እሱ አጠገቤ ባዶ የባትሪ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ኩሊዎቹ ጋሪያቸውን እየገፉ በፊታችን አለፉ።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰላም በልልኝ ስልህ...»

«እሺ እልህ ነበር።»

ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ትክ ብሎ አየኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየኝ ሰው።

«ያንተን ስም ግን ጠይቄህ አላውቅም» አለ። «ማነው ስምህ?»

«ሙዘይን» አልኩት።