ያልተፈታው የአኒስ ስፌት

ዛሬ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በጅማ ከተማ በቾ ቦሬ፣ በመኖሪያ ቤቴ፣ እኔ ሙሐመድሳኒ ከድር ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ከወገቤ በታች አልንቀሳቀስም፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው፣ ያስገደደኝም የለም። አራት ምስክሮች አልጋዬን ከበው ይሰማሉ፣ ጥላሁን ይጽፋል። ጥላሁን፣ አታሳምርልኝ፤ እንዳልሁት ጻፍ።

ቤቱ የባለቤቴ የዙቤይዳ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አገላብጣ ያጠበችኝ እሷ ናትና ማንም እንዳይከራከራት። የአሰንዳቦውን ቡና ልጆቼ ሳቢሃና ሀቢቡላህ እኩል ይካፈሉ። ወንድሜ አጥር ገፍቶ የወሰዳትን አምስት እግር ቡና ይብላት፤ እኔ ደክሞኛል።

ለቆዳ ሰፊው ለአኒስ ምንም አላወርስም፤ ምስክር ስለሆነ ሕጉ አይፈቅድም ተብያለሁ። የወሰድሁበትን ስሙን ግን እመልስለታለሁ።

ዕድሜዬን ዛፍ ላይ እየወጣሁ የቡና ጥላ ስገርዝ ኖርሁ። አኒስ ባለ ሁለት ቀለበት የቆዳ ጠፍር ሰፍቶ ሰጠኝ፤ ጠፍሩ ቅርንጫፉን ያቅፋል፣ ገመዱ በብረት ቀለበቶቹ ውስጥ ይሮጣል፣ ምንም አይፋተግም። የናይለን ማሰሪያ ግን ገመድ ሲሮጥበት ይግላል፣ ይቀልጣል። ይህን ለሰው ሁሉ ሳስተምር፣ በናይለን በሚወጣው ስስቅ የኖርሁ እኔው ነኝ። የወደቅሁ ዕለት ቸኮልሁ። ጠፍሩን ከከረጢቴ ሳላወጣ ናይለኑን አሰርሁ፤ ስወርድ ተበጠሰ። ሐኪም ቤት ሲጠይቁኝ ዐፈርሁና «የአኒስ ስፌት ተፈታ» አልሁ። ሰው ሁሉ ሸሸው፣ ሱቁን ዘጋ፤ ዛሬ ገበያ ዳር ጫማ ይጠግናል። ጠፍሩ ግን ደኅና ነው፣ ከዚሁ አልጋ ሥር አለ። ስድስት ዓመት በላዩ ተጋድሜ ኖርሁ። አኒስ ራሱ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ፤ ከእሱ መሸሽ የምችለው በፊቴ ብቻ ነበር። አኒስ ወንድሜ፣ ወላሂ በድዬሃለሁ፤ አፉ በለኝ።

ሀቢቡላህም ሥራዬን ሲይዝ ውሸቴን አብሮ ያዘ፤ ጠፍር በእጁ አይነካም። ስለዚህ ዛሬ ይህን በጆሮው ይስማ... ለመሆኑ የት አለ? ጥሩልኝ ብዬ አልነበር?

ዙቤይዳ ከበር ሆና «ቦሳ ኪቶ ሰፈር ዋንዛ ሊገርዝ ሄዷል፤ ከሰዓት ይመጣል» ትላለች።

በምንድን ነው የሚወጣው?

«በናይለኑ ነዋ! ጠፍር እንዳትነካ ያልከው አንተው አይደለህ እንዴ?»

ደውሉለት። አያነሳም? ጥላሁን፣ መጻፉን ተው! ፊርማውም ይቅር፣ ቤቱም ይቅር፤ ሰው ይሂድልኝ፣ እኔ መነሣት አልችልም!

የተናዛዥ የጣት አሻራ፦ አለ፤ ሰው ከሄደለት በኋላ ያሳረፈው።
ምስክሮች፦
ዘለቀ ወልዴ፣ ፈርሟል።
ዘሀራ ጀማል፣ ፈርማለች።
ሣህሉ በየነ፣ ፈርሟል።
አኒስ ሙስጠፋ፣ አልፈረመም። ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ ወደ ቦሳ ኪቶ ሮጧል።