ወፍራሟ ፍልፈል

ጥቅምት 3

ዛሬም ያው። ቁርስ በጥድፊያ። መንታዎቹ ልጆቼ በአንድ ካልሲ ተጣሉ። ባለቤቴ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ረስቶ ከደጅ ተመለሰ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አዛዥ... ካልሲውን ያገኘችው፣ ጥርሱን አጥባ ያቀበለችው ግን ታናሽ እህቴ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ በቤታችን ስሟ እስካሁን "ትንሿ"።

የመጽሔታችን ዋና አዘጋጅ ቢሮው ጠራኝ። የትዳር ዓምዴ ሰልችቶታል። እሱን እንጂ አንባቢውን አይደለም።

"እስኪ ስለ እንስሳ ጻፊ።"

"ስለ የትኛው እንስሳ?"

"ቤተሰብ ስላለው።"

ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ውስጥ ጸጉር አልባ ፍልፈል የምታጠና ሴት አለች አሉ። ሃያ ዓመት ስለ አማትና ምራት ጽፌ አሁን ወደ ፍልፈል... እድገት ነው ወይስ ቅጣት?

ጥቅምት 7

ሄድኩ። ክፍሉ ምድጃ አጠገብ የመቀመጥ ያህል ይሞቃል። ግድግዳው ሙሉ የመስታወት ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጥ ጣት የሚያካክሉ፣ ቆዳቸው የተጨማደደ፣ ጥርሳቸው ከከንፈራቸው ውጪ የበቀለ ፍጥረቶች ወደፊትም ወደኋላም እኩል ይሮጣሉ። መጀመሪያ ሳያቸው ሟቹ አጎቴ ትዝ አለኝ። ነፍሱን ይማር።

ተመራማሪዋ ስኳር ድንች እየቆረጠች ነበር።

"ሰባ ሦስት ናቸው። የምትወልደው አንዷ ብቻ ናት፣ ንግሥቲቱ። ሌሎቹ ይቆፍራሉ፣ ያጸዳሉ፣ የሷን ግልገሎች ያሞቃሉ።"

"እነሱስ አይወልዱም?"

"እሷ እያለች ሰውነታቸው ለዚያ አይነቃም።"

"ማን ከለከላቸው?"

"ይመልከቱ።" አንዲት ረዘም ያለች መጣች። ቱቦው ውስጥ ቆም ያለች አንዷን በአፍንጫዋ ገፋቻት... ገፋቻት... ያቺ ተነስታ መቆፈር እስክትጀምር። "ሥራ ፈት አትወድም" አለች ተመራማሪዋ።

የንግሥቲቱ ባሎች ሁለት ናቸው። ሁለቱም ከስተዋል። (ይሄን ባለቤቴ እንዲያነበው።)

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቤት ማስተዳደር እንዲህ ነው እንጂ። ርዕሱም መጣልኝ፦ "ንግሥት ያላት ቤት አይፈርስም"።

ጥቅምት 12

ትንሿ እየወፈረች ነው። ቀሚሷን ሁለቴ አሰፋች። ሰሃኗን ሞልታ ትበላለች፣ ከዚያ ደግሞ ትጨምራለች። ከሰዓት በኋላ የታጠበ ልብስ ባልዲ ውስጥ ሳይሰጣ አገኘሁ። እሷ ደጃፉ ደረጃ ላይ።

"ምነው ቁጭ አልሽ?"

"ቁጭ ብዬ ነዋ።"

በዘጠኝ ዓመት እንዲህ መልሳልኝ አታውቅም። ልብሱን... ቆይ፣ ማን ነው የሰጣው? እኔ ነኝ።

ባለቤቴን "ታማ ይሆን?" ብለው ጋዜጣ ውስጥ ገባ። ጥርሱ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ አምስተኛ ጊዜ ለማስተካከል ሄዷል። የምታደርስለት ትንሿ ናት። ጥርስ ሠሪው ሙያ የለውም መሰለኝ።

ጥቅምት 14

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ደም፣ ሽንት፣ እንቅርት፣ ሁሉም ታየ። ሐኪሙ፦ "እህትዎ ደህና ናቸው። የእርስዎን ግፊት ግን ልየው።"

የእኔ ነው ከፍ ያለው።

ጥቅምት 19

የጎደለኝን ልጠይቅ ተመልሼ ሄድኩ። በተደፈነው መውጫ አጠገብ አንዲት ድብልብል ተጋድማለች። ሌሎቹ እየረገጧት ያልፋሉ፣ ምንም አይመስላት።

"ይቺስ? ታማ ነው?"

"አይደለም። ልትሄድ ነው።"

"ወዴት?"

"ወደ ውጪ። ከስንት አንዴ እንዲህ ያለች ትወለዳለች። ለመንገዷ ስብ ታጠራቅማለች። ሥራ ትተዋለች። በር በሩን ትላለች። የቤቷን ወንድ ዞር ብላ አታይም፣ ባዕድ ነው የምትፈልገው።"

"ንግሥቲቱ ምን ትላለች?"

"ትገፋታለች። እሷ ግን አትነሳም።"

ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ደስ የሚል አንቀጽ ሆነ። ታክሲ ውስጥ፣ መብራት ላይ ቆመን... አምስት ጊዜ የተስተካከለ ጥርስ።

ኦ።

ጥቅምት 20

ባለቤቴን አፋጠጥኩት።

"ጥርስህ ምን ሆኖ ነው?"

"ነሐሴ ላይ ተሰንጥቆ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ በኋላ እንኳ... ምንም አልሆነም።" ጋዜጣውን አጠፈ። "ጥርስ ሠሪው ደግ ሰው ነው። ጨዋታም ያውቃል።"

"ጥርስህ እሱ ጋ ሲሰነብት ምን ትበላ ነበር?"

"ሾርባ።"

ለፍቅር ሲል ሾርባ የጠጣ ባል አለኝ። ለሌላ ሰው ፍቅር።

ጽሑፉን ጨረስኩ። የወፍራሟን አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። ቦታ አይበቃም ብዬ። ቦታ ነበር። ደብተሩን እንደ ሁልጊዜው እህቴ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት፤ የእጅ ጽሑፌን አንብቦ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍልኝ ከሷ ሌላ ሰው የለም።

ጥቅምት 22

ራሷ መጣች። እጇን በፎጣ እያደረቀች።

"እትዬ፣ ልነግርሽ የፈለግኩት ነገር አለ።"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

ፍልፈል ልበላት?

ሰውየው ሌላ ከተማ ቤት ተከራይቶ ሥራውን ሊያዛውር ነው። ኅዳር 20 ይሄዳል። አብራው ልትሄድ ነው፣ ተፈራርመው። እኔም... አፌ ቀድሞ የተዘጋጀ ይመስል፦ "የመንታዎቹ ፈተና ይለፍ። ከዚያ ቤቱ ቀለም ይቀባል። ከዚያ እናያለን።"

"እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ለሦስት ወር ነበር።"

እውነት ነው። መንታዎቹ የተወለዱ ሰሞን ነው የመጣችው። አሁን ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

"ማን አስቀረሽ ታዲያ?"

"ማንም። ቁጭ ባልኩ ቁጥር ትመጫለሽ።"

"የሚወድሽ ከሆነ ይጠብቅሻላ።"

"አንዱ ጠብቆኝ ነበር። ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ።"

የቱ? ያ የመጻሕፍት ቤቱ ሰው? ስድስት ዓመት ሆነው እኮ። ሦስቴ ደወለ። ሦስቴም "ሥራ ላይ ናት" አልኩት። ውሸት አልነበረም... ሥራ ላይ ነበረች። ያንን ሥራ የሰጠኋት እኔ መሆኔን ነው ያልነገርኩት።

ፎጣውን ሰቅላ ወጣች።

ጥቅምት 25

ሻይ አምጥታልኛለች፣ ስኳር የሌለው። ረስታ ነው? አይመስለኝም።

ኅዳር 5

መጽሔቱ ወጣ። አዘጋጁ ደወለ፦ "አንጀት የምትበላ ጽሑፍ ናት። በተለይ መጨረሻዋ፣ ወፍራሟ።"

የትኛዋ ወፍራም?

ገልጬ አየሁ። የሰረዝኩት አንቀጽ ከነነፍሱ ቁጭ ብሏል። ወጥ ቤት ገባሁ።

"ሰርዤው ነበር እኮ።"

"የቱን?"

"በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩትን።"

"እሱን? ያሰመርሽበት መሰለኝ።" ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። "ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ።"

ከሥሩ ደግሞ እኔ ያልጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ "የሚገፋትስ ሞልቷል፤ የጠፋው የሚሸኛት ነው።" በኔ ስም ወጥቷል። ልቆጣ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ከኔ ይሻላል። የተናደድኩት በየትኛው ነው?

ኅዳር 9

ሠላሳ አንድ ደብዳቤ። ስለ ንግሥቲቱ የጻፈ አንድ ሰው የለም። ሁሉም ስለ ወፍራሟ። እህቶች፣ አክስቶች፣ አንዲት የወንድሟን ሱቅ አሥራ አራት ዓመት የጠበቀች። አንዷ ደግሞ በአንድ መስመር ጨርሳዋለች፦ "የተከበርሽ ዓምደኛ፣ እኔም ወፍሬአለሁ። ምን ላድርግ?"

አዘጋጁ መልስ ስጪ አለ። ዓምደኛ ነኝ፣ መልስ መስጠት እንጀራዬ ነው። ለማላውቃት ሴት ደግ መሆን ደግሞ እንዴት ይቀላል። ጻፍኩ፦ "እህቴ፣ ሂጂ። የማንንም ፈተና አትጠብቂ። ቤቱ ቀለሙን ራሱ ይቀባ።"

ደብተሩን ጠረጴዛዋ ላይ አኑሬ ልወጣ ስል ጠራችኝ።

"እትዬ። ይሄ ለማን ነው?"

"ለአንባቢዋ።"

"የአንቺን ጽሑፍ ቀድሞ የሚያነበው ማን ነው?"

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ለሰው ስመክር ነው የኖርኩት፤ ራሴ ስፈልገው ሌላ ቃል ወጣኝ።

"እንግዲህ አንብቢዋ" አልኩ። "ሳትሰርዢ።"

አነበበች። ከዚያ አንድ ፊደል ገድፌ ኖሮ፣ አረመችልኝ።

ኅዳር 20

ሄደች። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስ። ጥርስ ሠሪውን ዛሬ ገና በቅጡ አየሁት፤ አጭር፣ መነጽራም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ባለቤቴ እንደ ወንድሙ አቀፈው። መንታዎቹ አለቀሱ፤ መኪናው ከመታጠፉ አልጋዋ የማን እንደሚሆን ተጣሉ።

እኔ ሸኘኋት። እስከ መንገዱ ድረስ፣ ሻንጣውን ይዤ። ከበደኝ ግን አላወረድኩትም።

ኅዳር 23

ባለቤቴ ሸሚዝ ተኩሶ ኮሌታውን አቃጠለው። መንታዎቹ ለሷ ደውለው "ሩዝ ውኃው ስንት ነው?" ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ለነገሩ አላውቀውም።

ዓምዱን በሁለት ጣት ጻፍኩት። አራት ሰዓት ፈጀ።

ጥር 17

እሁድ። የደጁ መጥሪያ ሲጮኽ ጎረቤት መስሎኝ ነበር። እሷ ናት፣ ለብቻዋ። ቁልፍ አላት እኮ... ደወለች።

ከስታለች፤ ያምርባታል። ሳሎን ገባች። የተቀመጠችው እንግዳ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። ዙሪያውን አይታ፦

"ቤታችሁ ሞቅ ይላል።"

ቤታችሁ። አንድ ፊደል ነው የተለወጠው። የሰማው የለም፤ መንታዎቹ ትከሻዋ ላይ ነበሩ፣ ባለቤቴ ስለ ጥርስ ሠሪው አዲስ ቤት እየጠየቀ። እኔ ጋ ግን ደርሷል።

ሩዝ ሠርቼ ነበር። ውኃው በዝቶበታል። በላን። ከበላን በኋላ ሰሃኖቹ ሳይነሱ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። እሷም ተቀመጠች። ደቂቃ... ሁለት ደቂቃ... እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ያለ ምንም ሐሳብ። አፌ ሊከፈት ሲል ያዝኩት። ምን ሊል እንደነበር እኔና እሷ እናውቃለን፤ ዓይን ለዓይን ተያየን።

"ልጨምርልሽ?" አልኩ።

"ጨምሪልኝ" አለች።

አልተነሳችም። ተነስቼ ጨመርኩላት።