አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት ያቆምኋት መኪና

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ንግሥት፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ጾሙስ አልጠናብዎትም? የመቱ ዝናብ አባርቶ ቡናው ተለቅሞ አለቀ? ጋሽ ጃለታስ ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ ተሻላቸው? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት በሥጋ ደኅና ነን፤ የታኅሣሥ ውርጭ ከእንጦጦ እየወረደ ጠዋት ጠዋት ቢቆነጥጠንም ችለነዋል። በሥጋ ያልሁት ግን አውቄ ነው፤ ልቤ ሦስት ቀን ሙሉ አላረፈም።

ጭንቀቴ ስለ ልጅዎ ስለ ሊሚ ነው። ደኅና ናት፤ አይደንግጡ። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

በስልክ እንደነገረችዎት፣ ባትሪው የደከመ መኪና ሳይገፋ የሚያስነሣ፣ በእጅ የሚያዝ ማስነሻ ሠርታለች። መጠኑ ከመዝሙረ ዳዊት አይበልጥም። ሁለት መቆንጠጫ አለው፤ ቀዩ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከኔጋቲቭ ይያያዛል። ተገልብጦ ቢያያዝ መሣሪያው ራሱ ያውቅና እየጮኸ ኃይሉን ይይዛል። ነገር ግን ባትሪው ጨርሶ ከሞተ መሣሪያው የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ስለማይችል፣ ያን ጥበቃ አልፎ በግድ የሚያስነሣ አንድ ቁልፍ ጨመረችበት። መዘዙ የመጣው ከዚያች ቁልፍ ነው።

የሰፈራችንን ልማድ ያውቁታል። ሚኒባስ የሚነዳ ሁሉ ሲመሽ መኪናውን አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጎ ያቆማል፤ ጠዋት ፍሬን ለቀቅ አድርጎ በሁለተኛ ማርሽ ያስነሣል። ሊሚ ለአንድ የታክሲ ማኅበር አርባ ማስነሻ ልታስረክብ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዛ ነበር። በመንግሥት ሥራ ሳለሁ የመንገድ ደኅንነት ነገር በእጄ ስለነበር፣ ማኅበሩ የእኔ ፊርማ ካለበት እንቀበላለን ብሏል።

ሰኞ ጠዋት ለሙከራ ጉታ ወደሚባል ሾፌር ሄድን። የሚኒባሱ የባትሪ ገመድ ብዙ ጊዜ ተጠግኗል፤ ጠጋኙ በእጁ የተገኘውን ሽቦ ስለሚቀጥል ሁለቱም ቀይ ሆነዋል። ጉታም በግምት ገልብጦ ቆነጠጠው። መሣሪያው ጮኸ። እርሱ ግን ጩኸቱን እንደ ረዳት ጭቅጭቅ ቆጥሮ፣ "ይኼ ደግሞ ሳይሠራ ማልቀሱ!" ብሎ ያችን ቁልፍ ተጫናት። ጭስ ወጣ፤ መሣሪያው እንደ ቦካ ሊጥ ተነፋ። ሊሚ ገመዱን ስባ ነቀለችው እንጂ የሰውዬው እጅ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ሊሚ ማስጠንቀቂያ እንለጥፍበታለን አለች። ጉታ ሳቀና፣ "እኅቴ፣ እኔ መኪናዬ ላይ 'በሩን በቀስታ ዝጉ' የሚል ከለጠፍሁ ስንት ዘመኔ፤ አንድም በቀስታ የዘጋ አላየሁም" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ የእርስዎስ መኪና? ማስነሻው ውስጧ ተቀምጦ ለምን አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት ያቆሟታል?" አለኝ። ሊሚ የመጀመሪያውን ከሰጠችኝ ሁለት ወር ሆኖታል፤ አንድ ቀንም ተማምኜበት አላውቅም። ራሴ ያላመንሁበትን ለአርባ ቤተሰብ ልፈርም ነበር።

አልፈርምም አልኋት። ማኅበሩ ከውጭ የሚመጣውን ከመረጠ የሁለት ዓመት ድካሟ ሜዳ ላይ ይቀራል። "አጎቴ የሚወደው የሚገፋ መኪና ነው!" ብላኝ በሯን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ አንድ ማዕድ አልቀረብንም። አደራ ያሉኝን ልጅ ከአደጋ ላድን ብዬ ተስፋዋን ቀጭቼባት ይሆን? እያልሁ እብሰለሰላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቁልፏን ያስቀረችበትን አዲስ ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። በብጣሽ ወረቀት፣ ጨርሶ የሞተ ባትሪ አላስነሣም ይላል እንጂ ተገልብጦ ቢያያዝ ኃይል አይልክም፣ ብላ ጽፋለች። ሌላ ቃል የለበትም። ማኅበሩ እስከ ማክሰኞ ሊታገሠን ፈቅዷል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል አላውቅም። ሲደውሉላት፣ እባክዎ፣ አጎትሽን ስሚ አይበሏት፤ እህል መቅመሷን ብቻ ይጠይቁልኝ።

እኔም አመሻሽ ላይ መኪናዬን አዙሬ አፍንጫዋን ወደ እንጦጦ፣ ወደ ዳገቱ፣ አቆምኋት። ባትሪዋ አርጅቷል፤ ነገ በዚህ ውርጭ በራሷ እንደማትነሣ አውቃለሁ። ሊሚ ከመስኮት ታየኝ ነበር። መጋረጃውንም አልዘጋችውም።

ጋሽ ጃለታን እጅ ነሥቷል ይበሉልኝ፤ የዓይን ጠብታቸውን እንዳያቋርጡ። የልጅ ልጅዎን ርሆቦትን ጉንጯን ይሳሙልኝና፣ አክስትሽ ነገ ጠዋት የአጎትሽን መኪና ታስነሣለች ይበሏት። ካልተነሣችም፣ ሁለታችንም ከኋላ ሆነን ስንገፋ ታስበን።

ታናሽ ወንድምዎ
ዓምሃ

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.