ጂፑን ከክሪክ እንዳታወርድ

ውድ ካዚም፣

ድሮ የሰማሁት ነው፤ ግማሹ ጠፍቶብኛል። መካኒኩ ኡስታድ ሙርታዛ «ሐጂ፣ የኋላው አክስል ወጣ ገባ ይላል» ሲሉ፣ አባትህ «እኔስ ወጣ ገባ እል የለ? ማን ጠገነኝ!» ብለው ሳቁ። በማግስቱ ጎማው ከነአክስሉ ወልቆ ገደል ገቡ። ጂፑ ተጠገነ፤ እሳቸው ቀሩ።

አሁንም ያው አክስል ወጣ ገባ ሲል ይሰማል።

የአክስሉ ኩሽኔታ ሥር ክፍተቱን እንዲሞላ የጎዘጎዝከውን የቅቤ ቆርቆሮ አውጥቻለሁ፤ ተጨፍልቋል።
«ፈሪ ሽማግሌ» ስላልከኝ... ይቅር።
ሾርባው ምድጃው ላይ ነው።

ነገ በጂፑ ልታጓጉዛቸው የነበሩት የሙሽራዋ ቤተሰቦች ሌላ መኪና እንዲፈልጉ ልነግራቸው በእግሬ ወደ መንደራቸው ሺጋር መሄዴ ነው።

ኡስታድ ከአባትህ ቀብር ወዲህ ይህን ጂፕ አልነካም ብለው ነበር። ከስግደት መልስ ደጃቸው ተቀምጬ ጠበቅሁ። አልቅሰው ሲወጣላቸው፣ ነገ መጥተው በልኩ በተቆረጠ ስስ ብረት ክፍተቱን ሊዘጉልህ እሺ አሉ።

ረዛ