ወንድሜን ያሰርኩበት የግንድ ቤት

ኤፕሪል 3
ድንች ተከልኩ። ሁለት መስመር ሲቀረኝ ወገቤ እምቢ አለ... ተውኩት። ፖስታ ቤት ወረድኩ። ሎሪስ ደብዳቤዬን እያቀበለች፣ "ወንድምሽ የላይኛውን ቤት ሊያፈርሰው ነው አሉ። ቦታውን የሆቴል ሰዎች ፈልገውታል" አለችኝ።
ቅድመ አያታችን ይህን ተራራ ሲያቀኑ ከግንድ የሠሩት ቤት። ለእኔ አይጥና ጭስ ነው። ቢፈርስ ምን ቸገረኝ?
ግን ወንድሜ ኦርቪል ደስ እንዲለው አልፈልግም።

ኤፕሪል 4
አባባ ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው። ሦስት ሳምንት ታሞ ሲተኛ ኦርቪል አልደወለልኝም። ያኔ ኖክስቪል ከተማ ነበርኩ፣ በመኪና ሁለት ሰዓት። ከተቀበረ በኋላ ነገረኝ። "ከሥራሽ እንዳላስቀርሽ ብዬ ነው።" መሬቱም ቤቱም ለእሱ ሆነ።

ኤፕሪል 11
ቅርስ ጥበቃ ቢሮ ሄድኩ። ወይዘሮ ፔንላንድ የምትባል መነጽራም።
"ቤቱን በጣም ይወዱታል ማለት ነው?"
"በጣም" አልኩ። ዓይኔን አላሸሸሁም።
በቅርስነት ከተመዘገበ ባለቤቱ ማፍረስ አይችልም። ሚስማር ለመምታት እንኳ ማስፈቀድ አለበት። ቃሉን ደገምኩት... ሚስማር ለመምታት እንኳ። እንዴት ይጣፍጣል።

ኤፕሪል 29
ለቅርስ ቢሮው ማመልከቻ አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ግንዱን በመጥረቢያ እንዴት እንደጠረቡት፣ በመጀመሪያው ክረምት ሰባት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ እንዴት እንዳደሩ። ጥላቻ እንዲህ ያስጽፋል?

ሜይ 20
ተመዘገበ።

ሜይ 22
ኦርቪል መጣ። በር ላይ ቆመ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ።
"አንቺ ነሽ አይደል?"
"እኔ ነኝ።"
"ያንን ቤት ትጠዪው አልነበር እንዴ? ጣሪያው ያፈሳል፣ ግንዱ በስብሷል።"
"አድሰዋ። አስፈቅደህ።"
"የሆቴሉ ሰዎች ትተውኝ ሄዱ፣ ዴልፊያ።"
"ሰምቻለሁ። የበቆሎ ዳቦ አለ፣ ትበላለህ?"
ዞሮ ሄደ። እኔ ሁለት ቁራሽ በላሁ፣ በቅቤ።

ጁላይ 8
ቢሮው ጣሪያውን አድስ ስላለው ኦርቪል በስልሳ ስድስት ዓመቱ ወጥቶ ሚስማር ሲመታ ዋለ። ከመንገድ ማዶ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አየሁት። የገጠመው የፋብሪካ እንጨት ነው። ድሮ በእጅ የተሰነጠቀ ነበር...
ለወይዘሮ ፔንላንድ ደወልኩ።

ጁላይ 15
አስነቀለችው። ሙሉውን። እንደ ዛሬ ስቄ አላውቅም።

ሴፕቴምበር 14
ቤቱ ተመረቀ። ሰው መጣ፣ ጽሑፍ ያለበት የናስ ሰሌዳ በሩ ላይ ተለጠፈ። ሁሉም ሲሄድ ኦርቪል ደፉ ላይ ተቀምጦ ቀረ። እጁ በሙሉ ቁስል። አጠገቡ ቆምኩ። ለምን እንደጠየቅሁት አላውቅም።
"አባባ መጨረሻ ላይ ምን አለ?"
ባርኔጣውን አወለቀ።
"አንቺን ጠራ።"
"ምን አልከው?"
"'ደውዬላት ነበር፣ አልመጣም አለች' አልኩት።"
"ለምን?"
"ኑዛዜውን ሊቀይር ነበር። ግማሹን ላንቺ። ብትመጪ ይቀይረው ነበር።" ቀና ብሎ አላየኝም። "ካሁን በኋላ የፈለግሽውን አድርጊኝ።"
የፈለግሽውን... ይህን ሁሉ ወር የቀጣሁት ስለ መሬቱና ስለ ቀብሩ ነበር። ለዚህኛው ምን አለኝ? የትኛው ቢሮ ልሂድ?
አልሰደብኩትም። ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

ሴፕቴምበር 15
አባባ መቃብር ሄድኩ። ሳሩ ረዝሟል። ሰው እንዳይሰማኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ።
"አልደወለልኝም" አልኩት።
ጆሮው ትንሽ ይከብደው ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩለት።