ከመርዶው የቀደመው ገጽ

መጋቢት 5፣ 2014። ሰኞ ጠዋት፣ መርሳ

ደብተሬ፣ አያ ሙሄ አይደሉም። እኔ ነኝ። ጥር ላይ የአሊን ሞት ከመርዶው በፊት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ወር ካንቺም ደብቄዋለሁ።

ኪዳን አድርሼ ሱቁን ከፈትኩ። መብራት አለ። ላፕቶፑን ሰካሁ። ሳልቀመጥ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ካሳ መጡ። በጦርነቱ ለተበተነው የእድሩ ሰው የሠራነው ድረ ገጽ እንደገና ይከፈት ተብሏል። ማን ሞተ፣ ማን ተመለሰ፣ ለቅሶው የት ነው፤ ደሴም ኮምቦልቻም ያለው እንዲያይ። በየትኛው የድረ ገጽ መሥሪያ ኤዲተር እንደምሠራው እስከ መጪው ሳምንት እሑድ መርጬ እንዳቀርብ አዘዙኝ። የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ የስድስት ወር የኮምፒውተር ሠርተፊኬት አለኝ። ያውቃል ይሉኛል።

እሺ አልኩ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ልጻፈው። ወ/ሮ ዘሀራ ሸሽተው ደሴ፣ እህታቸው ዘንድ ነበሩ። ልጃቸው አሊ ሐራ አጠገብ መሞቱ ተረጋገጠ። መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ጎሕ ሲቀድ ይሄዳል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ እናት ተደግፋ ነው የምትሰማው። መሪው አያ ሙሄ ናቸው፤ የእድሩ ለፋፊም መርዶ አርጂም። ለማግስቱ ተቀጠረ። እኔ ስሙን ቀድሜ ላዘጋጅ ብዬ ተቀመጥኩ። ኤዲተሩ ሥዕሉንም ጽሑፉንም በማውስ እየጎተቱ የሚደረድሩበት ዓይነት ነው። ከሥሩ ያለውን ኮድ አያሳይም። ማስቀመጥ መስሎኝ ተጫንኩ። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሳላነብ እሺ አልኩ።

የአሊ ስም ድረ ገጹ ላይ ወጣ። ደሴ ያለ ሰው አይቶ ደወለላቸው፤ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ አላቸው። ቦኖ ላይ በጀሪካን ውሃ እየቀዱ ነበር። ብቻቸውን።

ሌላ ሰው ስሙን ሳያይ ድረ ገጹን አጠፋሁ፤ ደዋዩን የት እንዳየው የጠየቀ የለም። ወሬው ከየት ሾለከ ሲባል ሰው ሁሉ ወደ አያ ሙሄ ዞረ። ዝም አልኩ።

መጋቢት 8። ሐሙስ

ሁለት ኤዲተር ጎን ለጎን ሞከርኩ። አንዱ ያው የሚጎተተው። ያምራል። ሌላው ባዶ ነጭ ገጽ ነው፤ ኮዱን እኔው በጄ እጽፋለሁ። አንዲት የኮድ ምልክት ሳልዘጋ ቀርቼ ከዚያ በታች ያለው ጽሑፍ ሁሉ ወፍራም ፊደል ሆኖ ደመቀብኝ። ሳቅኩ። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዬ። ወዲያው አፈርኩ።

ግን ይሄኛው የጻፍኩትን እዚሁ ማሽኔ ላይ ያቆየዋል። ፋይሉን አንሥቼ ካልላክሁት አይወጣም።

አቶ ካሳ አይተው የሚያምረውን ወደዱ። ያኛው ሳይታሰብ ያወጣል ልል ነበር። በምን አወቅህ ቢሉኝስ? ዋጥኩት። ደግሞም ጥፋቱን ለኤዲተሩ ላሸክም መፈለጌ ነው። ጠይቆኝ ነበር እኮ። ያላነበብኩት እኔ፤ እንግሊዝኛው አልገባኝም ማለት ያፈርኩት እኔ።

መጋቢት 12። ሰኞ፣ ሚካኤል

አያ ሙሄ በሱቄ ደጅ አለፉ። ድሮ ሳይቀልዱ አያልፉም። "ጸሐፊው፣ እኔ ስሞት በትልቁ ፊደል ጻፈኝ፤ በትንሹማ ማን ያየኛል!" ይሉ ነበር። ዛሬ አንገታቸውን ደፍተው። ባለፈው ሳምንት ሲሪንቃ መርዶ ተኬደ፤ ሌላ ሰው መራ። እርሳቸው አይላኩም አሁን።

ባለቤቴ ብትኖር አታሳድረኝም ነበር። ፊቴን አይታ ታወጣጣኝ ነበር። ከሞተች ሦስት ዓመቷ። ነፍሷን ይማር።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ስግደት ሰጡኝ። ያ ብቻ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲል፣ ሰውየው በተዋረዱበት ሸንጎ ካልተናገርክ ጾምህ ረኃብ ብቻ ነው አሉኝ።

መጋቢት 16። ዓርብ

አያ ሙሄ ቤት ሄድኩ። ቆሜ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

"አፈ ሰፊ ይሉኛል። ሰፊ እንጂ ቀዳዳ እንዳልሆነ አንተ ታውቅ ነበር?"

አዎ አልኩ።

"ሁለት ወር ሙሉ?"

አዎ።

ተቀመጥ አላሉኝም። ደጁን ስወጣ ከኋላዬ ተናገሩ። "ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ እንዳላደረግሁት ድሮም አውቃለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው።"

መጋቢት 18። እሑድ፣ ከሰዓት

እድሩ ተሰበሰበ። ወ/ሮ ዘሀራም ተመልሰዋል፤ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። አቶ ካሳ የመረጥከውን ኤዲተር አቅርብ አሉ። በጅ የሚጻፈውን አልኩ። ያን የመሰለ ውብ እያለ ለምን? አሉ።

ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ነገርኩ። ቦኖው ሳይቀር። አንዱ ተነሥቶ ሰደበኝ፤ ልክ ነው። አያ ሙሄ መሬት መሬት ያያሉ። ወ/ሮ ዘሀራ ግን እኔን። "ልጄን አንተ አልገደልከው። ግን እናት ጀሪካን ይዛ መርዶ አትረዳም" አሉ።



ተወሰነ፦ አያ ሙሄ ወደ መርዶው ይመለሱ፤ እርሳቸው አርድተው ሳይመጡ ስም አይውጣ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ይጻፈው ተባለ፤ እኔው ልጻፍ ብዬ ለመንኩ። ጻፍኩ፦ ወሬውን ያወጣው ጸሐፊው ነው፤ አያ ሙሄ የሉበትም። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ፈረምኩ።