ለተሰበረ እግሬ ጭብጨባ

ስፌት ቤቱ የእኔ ሆነ! አሠሪዬን እርጅና ተጫናቸውና ቁልፉን በገዛ እጃቸው አስረከቡኝ። ወንድም ዓለም፣ ደስታው ሰላምታውን አስረሳኝ፤ ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ሚስትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው?

ይህን ወሬ በቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ላይ ያልጻፍኩት ስለተናደድኩ ነው። ባለፈው ከደረጃ ወድቄ፣ በጀሶ የታሰረ እግሬን ፎቶ ብልክላችሁ ሁላችሁም አጨበጨባችሁ! አንተማ «እንኳን ደስ አለሽ እታለም» ብለህ ቀይ ልብ ደረደርክበት። አክስታችን ደግሞ «አሜን» አለች። ምኑን ነው አሜን? አንዱ ካጨበጨበ ሌላው ሳያነብ ይከተላል። ይህን ሁሉ ዘመድ በኪሴ ይዤ እየዞርኩ፣ ከወደቅኩበት ያነሳችኝ ስሟን እንኳ የማላውቃት የታችኛው ፎቅ ተከራይ ናት። እሷም ብትሆን ውሻዋ ቢጮህባት ነው የወጣችው። ውሻው ተሻለኝ እኮ!

እግሬ አሁን ድኗል፣ አታስብ። ለዚያችው ሴት የቤቴን ትርፍ ቁልፍ ሰጥቻታለሁ፤ አትክልቴን እንድታጠጣልኝ ነው ያልኳት፤ እኔ ግን የትም አልሄድም። ገላዬን ስታጠብም በሩን መቆለፍ ትቻለሁ፤ መቆለፊያው ያስቸግራል፤ ደግሞስ ዳግም ብወድቅ በምን ትገባለች?

በል፣ ጤናና ሰላም ከቤትህ አይጥፋ፤ የልጆቹን ጉንጭ ሳምልኝ። በስልክ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለኝን አልቀበልም። ሱቄን የምከፍተው የሚመጣው ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ሁላችሁም፣ አክስታችንም ጭምር፣ ደጄ ላይ ቆማችሁ ላያችሁ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ነው ያልኩህ፣ ቅዳሜ!